ባለ ሦስት ጣቱ ፈረስ

አዲስ አበባ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠ የድንጋይ እግር አይቼ ደርቄ ቀረሁ። «ሂፓሪዮን» ይላል ጽሑፉ፤ «ባለ ሦስት ጣት ፈረስ፤ ዘሩ የጠፋ።» እኔ ግን ይህን እግር አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ፣ ከአርዲቦ በላይ ያለው መንደራችን እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ይደብቅ ነበር። የእናቴ ወንድም አያ ይማም ጓሮ ሲቆፍር፣ እኔም አፈሩን ስዝቅ፣ እንዲህ ያለ እግር ወጣ። አፈሩ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል።

አያ ይማም ሦስቱን ጣቶች፣ የመካከለኛውንም የፈረስ ኮቴ የሚመስል ጫፍ ዳሰሰና ዶማውን አስቀመጠ።

«ማሽላውስ አያ?» አልኩት።

«ቀብር ተቆፍሮ እህል አይከተትበትም፣ ልጄ። ፈረስም ቢሆን የአላህ ፍጡር ነው።»

እግሩን መልሶ ቀበረው። እንደ ሰው ቀብር ከራስጌው ድንጋይ አቆመለት። ሌላ ለመቆፈር ጊዜ አልነበረም። ማሽላው ቤት ቀረ፤ እሱም ማሽላውን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። እኛ ሸሸን።

ስንመለስ ማሽላውም አያ ይማምም የሉም። የት እንደወደቀ ያየ ሰው አልተገኘም። የጓሮው ድንጋይ ብቻ እንደቆመ ነበር።

እናቴ በየጁምዓው እዚያ ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች።

«እማ፣ እዚህ ያለው እኮ ፈረስ ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«መች አጣሁት? ሌላ ቀብር የት አለኝ?»

የሙዚየሙ ጠባቂ «ልንዘጋ ነው» ሲለኝ ነቃሁ። ከመስታወቱ ፊት ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።