ጠበል ገብተዋል አሉኝ

እንጀራዬ ትንበያ ነው። ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በአትላንቲክ ላይ ስንት አውሮፕላን እንደሚያልፍ አሰላለሁ። ባሕሩ መሀል ራዳር አይደርስም፤ አውሮፕላኖችን በሳተላይት የሚያገናኝ አንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ገበያውን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ጣናን ካልቆጠራችሁልኝ።

በሚላክልኝ መረጃ ውስጥ ክፍተት ሞልቷል። አንዱ አውሮፕላን ባሕር ላይ ድምፁ ሲጠፋ፣ ሌላ ወሬ እስኪመጣ ድረስ በያዘው መስመር እየበረረ ነው ብዬ እሞላዋለሁ። የሙያው ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል።

አባቴ እትውልድ ከተማችን ሮብ ገበያ ታመሙ። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ማስረከቢያዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እንዳስረከብኩ እመጣለሁ አልኳት። ከአራት ቀን በኋላ ስደውል፣ ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይያዝም አለችኝ። ደስ አለኝ። ጠበል ከገቡማ በእግራቸው መቆም ጀምረዋል ማለት ነው ብዬ፣ የቀረውን እኔው በልቤ ሞላሁት። የተማረ ጅል!

ትንበያውን ባስረከብኩ ማግስት ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አጎቴ ናቸው፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚያ ሰዓት እንዲያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። አባቴ ከተቀበሩ አሥር ቀን አልፏቸዋል። ሥራዬ እንዳይሰናከል ብለው መርዶውን አቆይተውታል።

ሮብ ገበያ እንደደረስኩ እህቴ ላይ ጮኽኩባት። እንዴት አባቴን እንዳልቀብር ታደርጉኛላችሁ፣ ባዳ ነኝ ወይ አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

«የዋሸነው አንተን ብቻ መሰለህ?» አለችኝ።

አባቴ አልጋ ከያዙ ጀምሮ ልጄስ እያሉ ሲጠይቁ፣ ተነሥቷል፣ መንገድ ላይ ነው ይሏቸው ኖሯል። ከማርቆስ ሮብ ገበያ በመኪና ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ እሳቸውም መንገዱን አሳምረው ያውቁታል። ግን አመኑ። አልጋቸውን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሩን ሲያዩ ነበር።