ይውጣ የተባለው ደም

ሞጣ ጤና ጣቢያ የእህቴ ልጅ ገና መውለዷ ነው። አዋላጇ «ደሙ በዛ» ብላ ጓደኛዋን ጠራችና ወዲያው መርፌ ወጓት። አዋላጇ የወላዷን ሆድ በእጇ ጫን አድርጋ ታሻለች፤ የራሰውንም ጨርቅ እያነሳች ታያለች። የደሙ ሽታ ሲደርሰኝ ልቤ ቢቸና አጠገብ ወዳለው የልጅነት ቤታችን ሄደ።

እህቴ ይችን ልጅ የወለደቻት እዚያ፣ ወለሉ ላይ በተጎዘጎዘ ሣር ላይ ነው። ጎረቤቶች እልል ብለው ገንፎ ይበላሉ። እኔ እግሯን አቅፌ ተቀምጫለሁ።

«እማዬ፣ ደሙ አልቆመም» አለች እህቴ።

«ይውጣ ልጄ፤ ዘጠኝ ወር የታጎረ ደም ነው። ሲወጣልሽ ይቀልሻል» አለች እናታችን፣ ግንባሯን እየሳመች።

በረደኝ ስትል ጋቢ ደረቡላት። ውሃ ጠማኝ ስትል አጠጧት። ከጋቢው ሥር ሣሩና የአፈሩ ወለል ደሙን ይጠጡት ስለነበር ብዛቱን ማንም አላየም። እግሯ እጄ ላይ ሲቀዘቅዝ ጮኽሁ። ወንዶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ወደ ቢቸና ሮጡ፤ ከተማው ሳይደርሱ አረፈች። ሕፃኗን እናታችን አሳደገቻት። ብቻዋን ስትሆን «ጤና መስሎኝ» ትላለች፣ እስከ ዛሬ።

«ማህፀኗ ጠጠር ብሏል፤ ደሙም ቆሟል» አለችኝ አዋላጇ። የእህቴ ልጅ ሕፃኑን እንዳቀፈች ወደ እኔ ዞረች።

«አክስቴ፣ ለእናቴም እንዲህ አድርገውላት ነበር?»

አብራን የመጣችው እናታችን በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች።

«አዎ፣ አድርገውላት ነበር» አልኋት።