የመታጠቢያ ቤታችን መቀርቀሪያ

አማቴን አልወድም። እሳቸውም አይወዱኝም፤ ፊት ለፊት ተባብለን ጨርሰናል።

ነገሩ የጀመረው አዳማ መናኸሪያ አጠገብ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሲገለበጥ ነው። ጭንቅላቴ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ልጄ ያኔ የሦስት ወር ነበረች፤ ደግነቱ ቤት ትቻት ነበር የወጣሁት። ቁስሉ ደረቀልኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሐኪሙ ግን ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ ደርድሮ መረመረኝና፣ «ከጉዳቱ ወዲህ የአንጎልሽ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ተለውጧል» አለኝ። «አሁን የሚጥል በሽታ የለብሽም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ብቻ እሳትና ውሃ አጠገብ ብቻሽን አትሁኚ።»

ሊመጣም ላይመጣም! ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ወረፋ የጠበቅኩት?

ባሌ አፉን አይዝም፤ ለእናቱ ደወለ። በማግስቱ አማቴ ከመቂ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርትና ክብሪታቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ክብሪቷን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረዋታል፤ ብወድቅ ጭረው አፍንጫዬ ስር ሊያጨሱልኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ሙቀቱ ጥሎኝ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ አፍንጫዬ ስር ቸስ! የላይ ከንፈሬ ተለበለበ።

«እማማ፣ እንቅልፍ እኮ ነው! ሊያቃጥሉኝ ነው የመጡት?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ዓይንሽ ተገልብጦ ነበር።»

«ዓይኔን ይተዉልኝ! አያሟርቱብኝ!»

ሐኪሙም የክብሪት ጭስ ምንም እንደማይረዳ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የሚሉትን ሁሉ ከክብሪቷ እኩል ናቅኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ልጄን ማጠብ ግን ለማንም አልለቅም። ጠዋት ጠዋት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከአንገቷ ስር፣ ከብብቷ ስር አጥባታለሁ። ውሃውን በእጇ እየመታች ፊቴን ታረጥበኛለች። ያቺ ሰዓት የእኔ ነች። አማቴ በሩ ላይ ይገተራሉ፦ «ልጠብልሽ። እሺ፣ ቆሜ ልይ እንኳ።» መቀርቀሪያውን እዘጋባቸዋለሁ።

አንድ ቀን ብገባ መቀርቀሪያው የለም። በቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈተው ወስደውታል። ደሜ ፈላ። በሰው ቤት! አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ እሱንም ፈቱት። «ሄደው የመቂ ቤትዎን በር ይንቀሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ባሌ እንደ ልማዱ ስልኩን አንስቶ ውልቅ አለ። እሳቸው ሽንኩርታቸውን እየላጡ፣ «ጩኺ፣ የሚደክመው ጉሮሮሽ ነው» አሉኝ።

ስምንት ወር ምንም ሳይነካኝ አለፈ። «የታለ በሽታው?» እያልኩ በነገር እወጋቸው ጀመር።

አንድ ጠዋት ልጄን ሳፋው ውስጥ አስቀመጥኳት። የሳሙናውን አረፋ አስታውሳለሁ። ከዚያ የማስታውሰው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በጎኔ ተኝቼ፣ ምላሴ ተነክሶ አፌ ደም ደም ሲለኝ ነው። ራሴ ስር የአማቴ ሻሽ ታጥፎ ተቀምጧል። ያልተጫረችው ክብሪት ከነሳጥኗ ጆሮዬን ትቆረቁረኛለች።

«ልጄስ?»

«ይቻትና።» ደረታቸው ላይ ነበረች፤ ትስላለች፣ ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል። «ውሃው ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ሳለች ነው የደረስኩት» አሉ።

በሩን አየሁት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

አመሰገንኳቸው? አላመሰገንኳቸውም፤ አፌ እምቢ አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ባንድ ጠዋት መጡ። አሁን መድኃኒት እውጣለሁ፣ ልጄን የሚያጥቧት እሳቸው ናቸው። እኔ ዱካ ስቤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ ውሃውን በእጇ እየመታች የምታረጥበው የእሳቸውን ፊት ነው። እርር ድብን እላለሁ።

«እማማ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቀርቷል!» እላቸዋለሁ።

አልቀረም።