የእህቴ ጽሑፍና የአይጦቿ ዘር

እህቴ ተመራማሪ ናት፤ ሰፈሩ ግን «የአይጥ ሐኪም» ነው የሚላት። እሷም አትቀየምም፤ «ከሰው ይልቅ አይጥ ቀጠሮ ያከብራል» ትላለች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ እሷ ግን እስካሁን ማሙሽ ነው የምትለኝ፣ ያውም ደንበኛ ፊት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቆሙ። እህቴ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። «የኔን ውሰዱ» እያለች ሐኪሞቹን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው፤ ደሟ ግን ከደሜ አልገጥም አለ። የእማዬ ገጠመና እማዬ ሰጠችኝ። እህቴ በገዛ ደሟ ተናደደች። ትምህርቷን ወደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ አዞረችና ይኸው ዕድሜዋን በላብራቶሪ ጨረሰች።

የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለለት ሰው፣ ሰውነቱ እንግዳውን እንዳያባርር ዕድሜ ልኩን ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጣል። ክኒኑ ያኖረኛል፤ እጄን ግን ያንቀጠቅጠዋል። ምላጭ ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጢም መላጨት ከተውኩ ዓመታት ሆኑኝ። በመቀስ የሚያምኑኝ ደንበኞች አሉ፤ እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

አምና የእህቴ የምርምር ጽሑፍ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። «እንግዳውን አባርር» ብሎ የሚያዘውን ዘረመል ለይቶ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ለአይጦች ሰጠች፤ አይጦቹም የተተከለላቸውን ኩላሊት ያለ ክኒን ይዘው ኖሩ። የቀረው ሁሉ ለኔ ጨለማ ነው። ቢሆንም መስተዋቱ አጠገብ ለጠፍኩትና ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። አንገቱ በጨርቅ ታስሮ የት ይሄዳል? አንድ መምህር ደንበኛዬ «የመጣሁት ልስተካከል ነው ወይስ ልፈተን?» ብሎኛል።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። ሰው አልነበረም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ማሙሽ፣ ከሰው ከምትሰማ ከኔ ስማ። ጽሑፌ ይሰረዝልኝ ብዬ ለመጽሔቱ ጻፍኩ።»

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«የሌላ ላብራቶሪ ሰዎች ሞከሩት፤ አልሠራላቸውም። አቀዝቅዤ ያስቀመጥኩትን ናሙና አውጥቼ መረመርኩ። መድኃኒቱን የሰጠኋቸው አይጦች ኩላሊት ከለገሷቸው አይጦች ጋር አንድ ዘር ናቸው፤ መንታ በላቸው። ኩላሊቱን ያለ መድኃኒትም አያባርሩትም ነበር። አይጦቹን የሚያረባልኝ ድርጅት በላከው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ዘር አምኜ ተሸወድኩ። ማጣራት የኔ ሥራ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ማን አየሽ? አርፈሽ ብትቀመጪስ? ስንት ዓመት የለፋሽበትን!» አልኳት። ለሷ ብቻ የተቆጣሁ ቢመስላት ደስ ይለኝ ነበር።

«አንድ ሰው አምኖት ክኒኑን ቢያቆምስ?» አለች።

መቀሴን አንስቼ መወልወል ጀመርኩ። እሷ ደግሞ ነገር ስደብቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች።

«ማሙሽ?»

«ያቆምኩት የማታውን ብቻ ነው» አልኩ። «አምስት ሳምንት ሆነኝ። አንቺ መድኃኒቱን እስክታደርሺልኝ ብዬ ነው። እጄ እኮ ጸጥ አለ እትዬ! ትናንት ሰው ላጨሁ።»

ክው አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ብድግ አለች። ሱቁን ራሷ ቆለፈችና ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ለምርመራ ደም ሰጠሁና ኮሪደር ላይ ጠበቅን። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀበለች። ስንት መቶ ኩላሊት የመረመረች ሴት ማንበብ አቃታትና «አንተ እየው» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ቁጥሩ ይውጣ ይውረድ የማውቀው የለም። ሐኪሙ መጥቶ እስኪቀበለን ድረስ ሁለት መሃይሞች ሆነን ቁጭ አልን።

«ተጎድቷል፤ ግን ይመለሳል» አለ ሐኪሙ። «አንድ ወር ብትዘገይ ይህን አልልህም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ትወስዳለህ፤ የእጅህን ነገር ደግሞ መጠኑን እያስተካከልን እናየዋለን።»

እሱ ከሄደ በኋላ ነው እህቴ የፈነዳችው። ደደብ አለችኝ፣ ጅል አለችኝ፣ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ኩላሊቱ የእማዬ ነው እኮ!» አለች። «እማዬ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ከሷ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። እኔም ልጇ ነኝ! እሷን ሁለት ጊዜ ልታስቀብረኝ ነው?»

አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ በየእሑዱ ቤቴ እየመጣች አጠገቤ የምትቀመጠው እኔን ብቻ ልታይ ይመስለኝ ነበር።