«የጾም ነው» ያልኩት ሽሮ

ልጄ ሥጋ አትበላም። በአራት ዓመቷ ይህን የመሰለ ጽኑ አቋም ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ አባቷም እኔም የጥብስ ሽታ ከአልጋ የሚያስነሳን ሰዎች ነን። ያልሞከርኩት ነገር የለም። አድቅቄ ከትፌ፣ ድንች ውስጥ ደብቄ አቀርብላታለሁ። በአፏ ትቀበለኝና ጉንጯ ውስጥ ቋጥራ ትይዘዋለች፤ አትውጠውም፣ አትተፋውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝታ ስትነሳ የምሳው ቁራጭ እዚያው ጉንጯ ውስጥ ነበር። ክው አልኩ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካሳሰበኝ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ጠዋት ጠዋት የታችኛውን የዐይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ ቀልቷል ወይስ ገርጥቷል እያልኩ አያለሁ። እጇን ሳጥባት አንጓዋን በሁለት ጣቴ እለካለሁ። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ስለምንኖር ደረጃው ቀኑን ሙሉ በልጆች የተሞላ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ሮጦ ሲያልፍ ቆሜ ባቱን አያለሁ። አንዷ እናት «ምን አደረገሽ?» ብላኝ ታውቃለች።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መዝናት ካርዱ ላይ ጻፈችና «ትንሽ ቀጠን ብላለች እንጂ ደህና ናት» አለችኝ።

«ሥጋ እኮ አትበላም» አልኳት፣ የልጄን ወንጀል እንደሚያጋልጥ ሰው።

«ሥጋ የግድ አይደለም። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ጎመኑን እያቀያየርሽ ስጪያት። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ውስጡ ያለውን ብረት ሰውነቷ በደንብ ይወስደዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ደግሞ አታስጨንቂያት።»

ሁሉንም ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ታክሲ ውስጥ ከፍቼ ሳነበው ግን የሚታየኝ «ቀጠን ብላለች» የሚለው ብቻ ነበር።

በዐቢይ ጾም ሰላም ሆንን። ቤት ውስጥ ሥጋ ስላልነበረ የሚደበቅም፣ የሚያጨቃጭቅም አልነበረም። እንቁላሏንና ወተቷን ለብቻዋ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ውጪ ከእኛ ጋር ክክ አልጫ፣ ምስር፣ ጎመን በድንች ትበላለች። «የጾም» የሚለውን ቃል የለመደችው ያኔ ነው። ለእሷ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው። በፋሲካ ሳህኗን ገፍታ «ጾሙ ለምን አለቀ?» ብላ ስታለቅስ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ከመቅመሷ በፊት ዐይን ዐይኔን እያየች «ማሚ፣ የጾም ነው?» ትለኛለች። «የጾም ነው» ካልኳት ትበላለች። ዞር ብላ እንኳ አታጣራም።

ይህንኑ ነው የተጠቀምኩበት። ቋንጣ እስኪሰባበር አድርቄ በቡና መፍጫ ሁለት ጊዜ ፈጨሁት፣ ነፋሁት፣ ከሽሮ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ለእሷ ብቻ አስቀመጥኩ። ሽታውን እንዲሸፍንልኝ ነጭ ሽንኩርት አበዛሁበት።

«የጾም ነው?»

«የጾም ነው።»

ሳህኗን ጠርጋ በላች። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁም። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ቀጠልን። ዕረፍት ግን አላገኘሁም። መቅጠኗን መስጋት ትቼ እንዳትነቃብኝ መስጋት ጀመርኩ፤ በጎረሰች ቁጥር ፊቷን አጠና ነበር።

ሀና ማርያም የሚኖሩት አማቴ እኛ ጋ ሊሰነብቱ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ጊዜው ሰኔ ነበር። የሰኔን ጾም እኔና ባለቤቴ እንደ ብዙ ሰው ችላ ብለነዋል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አያጎድሉም። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ለእሳቸው የሠራሁትን ምስር ወጥ ላሞቅ ስነሳ፣ ልጄ ሽሮዋ ቀርቦላት እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ መለስኩ።

አማቴ ሰሙ። «እንግዲያው ሌላ ወጥ ማሞቅ ምን ያደርጋል? እኔም ከልጄ ጋር እቀምሳለሁ» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። እንጀራ ቆርሰው ሽሮው ውስጥ ነከሩ።

«እማማ፣ አይብሉት!»

የራሴ ጩኸት አስደነገጠኝ። ጉርሻው አፋቸው አጠገብ ቆመ።

«ምነው ልጄ?»

«የጾም አይደለም።»

«አሁን የጾም ነው አላልሽም እንዴ?»

«ቋንጣ አለበት። ፈጭቼ… ለእሷ ብዬ ነው።»

ቁራሹን ቀስ ብለው መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ አፏ ውስጥ የነበረውን መዳፏ ላይ ተፍታ ታየው ጀመር። ከዚያ ቀና አለች።

«የእኔስ?» አለችኝ።

ለአማቴ ጾም እንደዚያ የጮህኩ ሴት ለእሷ ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ትልቅ ሰው መዋሸት ኃጢአት ነው፣ ልጅ መዋሸት ግን ምግብ ማብላት ነው ብዬ ይሆን? አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ከእጄ መብላት አቆመች። ያን የምትወደውን ሽሮ አላይም አለች፤ ምስሩንም፣ ክኩንም አብራ ተወችው። የምትበላው ውስጡ የሚታወቀውን ብቻ ሆነ፤ ራሷ የላጠችውን እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎ። አማቴ ሲያጎርሷት ትበላለች፤ እኔ ሳጎርሳት ከንፈሯን ትገጥማለች። ቆርቆሮውን ጣልኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ለመንኳት። ጭራሽ ብሶባት ጠረጴዛ ሥር ገባች።

«እያየችሽ ሥሪላት» አሉኝ አማቴ። «አትለማመጫት። በቃ እያየች ሥሪ።»

ዱካ ላይ አቁሜያት ከምድጃው አጠገብ መሥራት ጀመርን። ምስሩን አብረን ለቀምን። ካሮቱን እኔ ከተፍኩ፣ እሷ ጨመረች። ቆስጣውን ቀነጣጠበች፤ ሎሚውን ጨምቃ ፍሬውን ሁሉ ድስቱ ውስጥ ጣለችው። እኔ ዝም ማለት አቅቶኝ «ይኸው ዘይት፣ ይኸው ጨው፣ አየሽ አይደል?» እያልኩ እለፈልፋለሁ። እሷ ዐይኗን ከእጄ አልነቀለችም። ያን ሰሞን የሠራነውን ሁሉ ከአማቴ እጅ ነው የበላችው።

አማቴ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ቀን እኔና እሷ ብቻችንን ምሳ ቀረብን። የሠራነውን ምስር አወጣሁላት። ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ ገፋችውና ራሷ እንጀራ ቆረሰች። ምስሩን አፍሳ፣ ግማሹን ልብሷ ላይ አንጠባጥባ፣ ወደ አፌ አመጣችው።

«ቅመሺ» አለችኝ።

ጎረስኩ። እስክውጠው ድረስ ጉሮሮዬን እያየች ጠበቀች። ከዋጥኩ በኋላ የራሷን ቆረሰች። እስካሁን የምንበላው እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ እሷ።