የጦሩ ለጋሽ

አሪየት በጋምቤላ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ነዋሪው የራሱን ሙዚየም ለማቋቋም የአባቶቹን ዕቃ ሲያሰባስብ፣ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የአሰባሳቢው ኮሚቴ መዝገቡን እንድትይዝ መረጣት።

አንድ ረፋድ ላይ ከኢታንግ አንድ ሽማግሌ ጦር ይዘው መጡ። አሪየት ጦሩን እንዳየች አወቀችው። የተሰነጠቀው ዛቢያ ከሬዲዮ በወጣ ቀይ ሽቦ ተጠምጥሟል። በልጅነቷ አባቷ ሲጠመጥመው የሽቦውን ጫፍ የያዘችለት እሷ ነበረች። በሳምንቱ መንደራቸው በግጭት ሲቃጠል፣ አባቷ ሆዱን ተወግቶ ደጃፉ ላይ ወደቀ፤ ጦሩም ጠፋ።

«አባባ፣ ከየት አመጡት?» አለች።

«ያኔ ስንጋደል ከአንድ ሰው እጅ ቀማሁት» አሉ ሽማግሌው። «በራሱ ጦር ወጋሁት።»

ጦሩን ነጥቃ ጉሮሯቸው ላይ ደቀነችው። ጫፉ ቆዳቸውን በስቶ ደማቸው ሸሚዛቸው ላይ ወረደ። አብረዋት የነበሩት የኮሚቴው ሰዎች ዘለው ክንዷን ያዙ።

«ልቀቁኝ፤ የምጽፈው አለኝ» አለች።

ሲለቋት ጦሩን ደሙን ሳትጠርግ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና መዝገቡን ገለጠች። ሽማግሌው አንገታቸውን ይዘው ስማቸውን መናገር ጀመሩ።

«አንተ አመጣኸው እንጂ አልሰጠኸውም» አለችና፣ «ለጋሽ» ከሚለው ሥር የአባቷን ስም ጻፈች።