ነጯ ድመትና የጎረቤቴ ቁልፍ

በ2016 ዓ.ም. በጽጌ ወራት ነው። እኛ ጽጌ ስንል አበባ ነው፤ እዚህ ሆላንድ፣ ካፔለ ከተማ ግን ያን ጊዜ ቅጠል ይረግፋል፣ ቀኑም ቶሎ ይጨልማል።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ትጾማለች። ከበር ውጭ ትጹም አትጹም ግን አላውቅም። መልሱን ስለምፈራ አልጠይቃትም።

ከፋሲካ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እኛ ፎቅ ከመውጣቷ በፊት ከታች አንድ በር ታንኳኳ ጀመር። እዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ የሆላንድ አሮጊት አሉ። ዘራቸው እስከ ቅድመ አያት የተቆጠረ የፋርስ ድመቶች ያረባሉ፣ ለውድድርም ያቀርባሉ። የድመቶቹ ፊት ጠፍጣፋ፣ ጸጉራቸው መሬት የሚጠርግ ነው። ልጄ ታበጥርላቸዋለች።

አንድ ቀን በጃኬቷ ኪስ የማላውቀው ቁልፍ አገኘሁ።

«የማን ነው?»

«የኦማ ነው።» አያቴ ማለቷ ነው፤ የታችኛዋን አሮጊት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አያትሽ የሆኑት?»

«ማማ፣ ዱ ኖርማል፣ አታካብጂ! ድመቶቹን እንዳበጥር ሰጠችኝ፣ በቃ።»

በዚህ አገር ሰው ለሻይ እንኳ የሚጠራሽ በቀጠሮ ነው። የቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው ልጅ የሚሰጥ ምን ፈልጎ ነው? ዘመድ ሲጠይቃቸው አይቼ አላውቅም። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ በልቤ። ለእመቤታችን ነገርኳት፤ ለሌላ ሰው አልተነፈስኩም።

ከዚያ አሮጊቷ በደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «ቡርፍራው፣» አሉኝ፤ እዚህ ጎረቤት እንዲህ ነው የሚጠራራው። «ቅዳሜ ዘ ሄግ የድመት ውድድር አለ። ልጅሽ ትርዳኝ።»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ከልጄ ኪስ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ውድድሩ ሲያልቅ በእጃቸው ላስረክብ፣ ነገሩም እዚያው እንዲያበቃ ነበር ሐሳቤ።

አዳራሹ በሽቦ ቤት ተሞልቷል። ሁሉም እንደ ሙሽራ ቤት መጋረጃ ተደርጎለታል፣ ፊቱ ብቻ ክፍት ነው። ሰዎች የድመት ዓይን በጥጥ ይጠርጋሉ። እኛ አገር ድመት የምትመሰገነው አይጥ ስትይዝ ነው። ልጄ ነጯን ድመት ታቅፋ ወደ ዳኛዋ ጠረጴዛ ስትሄድ አሮጊቷ ከወንበራቸው አልተነሡም። ይኸው፣ ገረድ አደረጓት አልኩ። ሻይ ላምጣልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ዓይናቸው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዞራል። እሱም አስጠረጠረኝ።

ልጄ እየሣቀች ተመለሰች። «ዳኛዋ ወደደቻት! ለመጨረሻው ዙር እንመለሳለን!»

ድመቷን ወደ ሽቦ ቤቷ እንደመለሰቻት አንድ ሰው መጥቶ ጎንበስ አለ። «እንዴት ታምራለች! ዓይኗን እዩ! ጸጉሯን እዩ!» በስመ አብ አላለ፣ ምን አላለ። እኛ ጥጃ እንኳ እንዲህ አይመሰገንብንም። ጣቱን በሽቦው ሲያስገባ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ቤቱን ሸፈንኩት።

«በርዷት ነው?» ብሎ ሣቀ።

የልጄ ፊት ቀላ። «ማማ! ሰው እያየን እኮ ነው!»

«እንዳያዩ ነው» አልኳት።

አሮጊቷ ያን ጊዜ ተነሡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ የነጠላውን ጥለት ወደ ፊት አዙረው በልብስ መቆንጠጫ አያያዙት። ሰውየው ሄደ። እሳቸውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኔም እዚህ ያሉትን ሰዎች አላምናቸውም። አንድ ጊዜ ሻይ ላመጣ ብሄድ የድመቴን የጭራ ጸጉር በመቀስ ቆርጠው ጠበቁኝ።»

«ታዲያ ልጄን እንዴት አመኗት?»

«ማን አመናት! ወራት ሙሉ ፈተንኳት። የተዘጋ ክፍል ከፍቼ ተውኩ፣ ቸኮሌት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ምንም አልነካችም። መጨረሻ ላይ ቸኮሌቱን ራሴ ሰጠኋት። ‹ዛሬ ዓርብ ነው፣ ይሄ ደግሞ ወተት አለበት› ብላ መለሰችልኝ። አንቺ ሳታዪያት! ያን ቀን ቁልፉን ሰጠኋት።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ የድመቷን ጭራ ታበጥራለች። ቁልፉን ላወጣ የከፈትኩትን ቦርሳዬን መልሼ ዘጋሁት። ተመስገን አልኩ።

ድመቷ ሁለተኛ ወጣች። አሮጊቷ ዳኛዋን ጠርጥረው በመኪናቸው እስከ ቤታችን ድረስ አጉረመረሙ።

በማግስቱ እሑድ ቁልፉን ወደ ልጄ ኪስ መለስኩ። ነጠላዬን በሰገነቱ ላይ አራገፍኩት። የድመቷ ጸጉር አልለቅ አለ፤ ነጭ በነጭ ላይ ነው ብዬ ለበስኩት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወርድ የታችኛውን በር አንኳኳሁና የቤታችንን ትርፍ ቁልፍ ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው።

ገልብጠው አዩት፣ ከዚያም እኔን። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም» አልኳቸው፤ ሜትሮው እንዳያመልጠንም ከልጄ ጋር ሮጥን።